አስናቀ ቱካን እና የዋርካዋ አራስ

አስናቀ ተክለ ጊዮርጊስን በአባቱ ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ከጀልባ ማኅበሩ ዘበኛ ጀምሮ እስከ ፔዳ ባጃጅ ነጂዎች ድረስ ባሕር ዳር የሚጠራው «አስናቀ ቱካን» እያለ ነው። ስሙን እሱ አላወጣውም። ሲወጣለት ግን አልተቃወመም፤ ቆየት ብሎም ልብስ ሰፊ ለሆነችው ሚስቱ ለየሺመቤት ሰጥቶ በሥራ ሸሚዙ ኪስ ላይ አስጠለፈው። እሷ ስትጠልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ «ይኸ የወፍ ስም ነው ወይስ ማዕረግ?» ብላዋለች።

የተወለደው ዘጌ፣ ቡናና ዛፍ በተጠላለፈበት ጫካ ውስጥ ነው። አባቱ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የድጓ መምህር ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ወንበራቸውን እንዲወርስላቸው ይመኙ ነበር። ልጁ ግን ዜማ እየተነገረው ጆሮው ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ ላይ ደግሞ የዘጌ ሰው ሁሉ የሚያየው፣ ስለ ስሙ ግን ብዙም የማይጨነቅለት ያ ትልቅ ወፍ አለ፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩ ሰው የሚያስደነግጥ፣ በምንቃሩ ላይ ደግሞ ሌላ ምንቃር እንደ ቆብ የተደፋበት። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲጮህ አህያና ሕፃን አብረው የሚያለቅሱ ይመስላል። መሪጌታ አምርረው ይጠሉት ነበር። በቅዳሴ ልክ ጸጥ ሲባል ይጀምራልና፣ ሆን ብሎ ነው ይሉ ነበር።

አስናቀ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ድጓውን ትቶ ጀልባ አጣቢ ሆነ። ከአጣቢነት ወደ ገመድ ወርዋሪነት፣ ከገመድ ወርዋሪነት ወደ አስጎብኚነት ለማደግ ስድስት ዓመት ፈጀበት። እንግሊዝኛውን የለቀመው ከእንግዶች አፍ ስለሆነ የዘጠኝ አገር ቅላጼ ነበረው፤ ጀርመኖች እንግሊዝ ያሳደገው፣ እንግሊዞች ደግሞ ጀርመን ያሳደገው ይመስላቸው ነበር።

አንድ ጥር ላይ ጀልባው ዘጌ ዳር ሲጠጋ አንዲት ሽማግሌ ፈረንሳዊት ከወንበሯ ብድግ ብላ «ቱካን! ቱካን!» ስትል ጀልባው ወደ ግራ አጋደለ። አስናቀ ሴትዮዋ የታመመች መስሎት ሊይዛት ሲጠጋ አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ወፉን ራሱ የሠራው ያህል። ከዚያ ቀን በፊት «ያ ትልቅ ወፍ ነው» ሲል እንግዶቹ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ካርታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «ቱካን» ሲል ጀልባው ሙሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። አስናቀ በስም ውስጥ ምን ያህል እንጀራ እንዳለ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ዝምተኛ እንግሊዛዊ የወፍ መጽሐፉን ጀልባ ላይ ረስቶ ወረደ። አስናቀ ሊመልስለት ሆቴሉ ድረስ ሄዷል፤ ይህን ሊመሰክር የሚችል የሆቴል ዘበኛ ዛሬም አለ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ብሎ ገለጠው። ወፉ እዚያ ነበር፤ ከነምንቃሩ፣ ከነቆቡ። ስሙ ግን ሌላ ነው። ቱካን የሚባል ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የለም። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደና ከየሺመቤት የጥልፍ ክር ሥር ደበቀው። በማግስቱ ስምንት እንግዶች ይዞ ዘጌ ሲደርስ እጁን ወደ ዛፉ ዘርግቶ «ቱካን» አለ። እስከዚያ ቀን ስህተት ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሸት ሆነ። ለኅሊናው የሰጠው መልስም አጭር ነው፦ ወፉ አልከፋው፣ እንግዳው አልከፋው፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?

ውሸቱ ግን ቀለብ እየጠየቀው ሄደ። እንግዶች ይጠይቃሉ፤ ጠያቂ ባለበት መልስ ያስፈልጋል። አስናቀ ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የፈለገው የቱካን ቪዲዮ ነው። በደቡብ አሜሪካ ጫካ እንደሚኖር፣ ፍሬውን በምንቃሩ ጫፍ ይዞ ራሱን ወደ ኋላ በመወርወር እንደሚውጥ፣ ሲተኛ ምንቃሩን ጀርባው ላይ አስተኝቶ ጅራቱን እንደ ብርድ ልብስ እንደሚደርብ አየ። ያየውን ሁሉ ለዘጌው ወፍ ሰጠው። «ስዕሉ ላይ ያለው ደረቱ ቢጫ ነው፤ የእናንተው ለምን ጥቁር ሆነ?» ያለውን እንግዳ፣ ቢጫው የሰርግ ልብሱ ነው፣ የሚለብሰውም በነሐሴ ነው ብሎ መለሰው። በነሐሴ ዝናቡ ጀልባ ስለማያስወጣ ሄዶ ያረጋገጠ የለም። ጎጆውን አሳየን ያሉትን ደግሞ፣ ቱካን ጎጆ አያውቅም፣ በየወሩ እያፈረሰ ይዞራል ይላቸው ነበር።

ይህች የመጨረሻዋ ውሸት ግን ከሌሎቹ ትለያለች። የተናገራት ጎጆውን ከሰው እግር ለመከላከል ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ወፍ በጣና ዙሪያ አስናቀን ያህል የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሴቷ በጥር መጨረሻ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ስትለስን፣ ወንዱ ጭቃውን እየዋጠ በእንክብል እንክብል ሲያቀብላት፣ በመጨረሻ የምንቃር ጫፍ ብቻ የምታሳልፍ ስንጥቅ ሲቀር፣ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ አይቷል። ወንዱ ከዚያ በኋላ አራት ወር ያህል ሌላ ሥራ የለውም። ዋርካ ፍሬ፣ ሾላ ፍሬ ጉሮሮው እስኪያብጥ ይሞላና መጥቶ ግንዱ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቋ ያጎርሳታል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው አስናቀ፣ ለእንግዶቹ ስለ ብራዚል ጫካ ያወራ ነበር።

ፈረንጅ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ በወረርሽኙ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ደለል ዋጣቸው። አስናቀን ያኔ ያነሣው ግሩም ነው። ግሩም የሲሚንቶ ነጋዴ ነበር፤ ከሲሚንቶ የሚበልጥ ፍቅርም በሕይወቱ አልገጠመውም። ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ ሐይቁ ዳር መሬት ወስዶ አሥራ ሁለት ክፍል ሠራ፤ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የአልጋውን ቋሚ ሳይቀር ከሲሚንቶ። ግቢው ውስጥ ግሩም ያልገነባው ነገር አንድ ያረጀ ዋርካ ብቻ ነበር። ሎጁን «ቱካን ሎጅ» አለው፤ አስናቀንም «የቱካን አማካሪ» ብሎ፣ የሥራ ሸሚዝ ሰጥቶ ቀጠረው። ከስልክ የተወሰደ ባለ ቢጫ ደረት ቱካን በአስተናጋጆቹ ቲሸርት፣ በትራሱ፣ በሳሙናው ማስቀመጫ ላይ ታተመ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አንዱ ቱካን ሱሪ፣ አንዷ ቱካን ቀሚስ ለብሰው ቆሙ።

በፈረንጅ ፋንታ የመጣው ሠልጣኝ ነው። ባጅ አንጠልጥሎ፣ ቦርሳ ተቀብሎ፣ ሦስት ቀን ስለ አቅም ግንባታ የሚያንቀላፋ ሠልጣኝ። የሻይ ዕረፍት ሲሆን አስናቀ ሰብስቦ ዋርካው ሥር ይወስዳቸዋል፤ እነሱም በሥልጠናው ያልያዙትን ማስታወሻ እዚያ ይይዛሉ። ወንዱና ሴቷ ወፍ ያን ዋርካ ከያዙት ቆይተዋል፤ ሎጁ ከመሠራቱ በፊትም እዚያው ነበሩ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ጥር አጋማሽ ላይ፣ ዶክተር ሩሐማ የምትባል የእንስሳት ሳይንስ መምህርት ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ አሥራ አራት ተማሪ አስከትላ መጣች። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ። ከኋላ ቆማ አስናቀን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ምንም ባትል ትመርጥ ነበር፤ ነገር ግን አንገቷ ላይ የርቀት መነጽር ያየ አንድ ሠልጣኝ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ አስገደዳት።

እሷም ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። ቱካን ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ አያውቅም አለች። ሁለቱ ወፎች በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም፤ ፍሬ እየለቀሙ ስለሚኖሩ ሁለቱም ረጅም ምንቃር አወጡ። የቱካን ምንቃር ሲያዩት የከበደ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ ክፍት ክፍት ነው፤ ሙቀት ሲበዛበትም ደሙን ወደዚያ እየላከ ይበርድበታል። ጣቶቹ ሁለት ወደ ፊት ሁለት ወደ ኋላ ናቸው። ቆብ የለውም። እንደ ቱካን ሁሉ ይህኛውም ግንድ ውስጥ ይፈለፍላል፤ ቱካን ግን በሩን ክፍት ይተወዋል፤ እናትም አባትም ተራ በተራ ይታቀፋሉ። ሴቷን በጭቃ የሚያሽገው የእኛው ነው። «እንዲያውም ካሰባችሁት» አለች፣ «የእኛው የበለጠ ይገርማል።»

ሠልጣኞቹ ወደ አስናቀ ዞሩ። አስናቀ ፊቱ ጋለ። የምትናገረው አንዱም አዲስ አልሆነበትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

«ልጄ፣ የተወለድሽው የት ነው?» አላት።

«ሐዋሳ።»

«እኔ የተወለድሁት ከዚህ ወፍ ሥር ነው። አንቺ ከመጽሐፍ አገኘሽው፤ እኔ ከዛፍ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ ሠልጣኝ «አገር በቀል እውቀት» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመረበት። ሩሐማ አልተቆጣችም። «እንግዲያው ጋሽ አስናቀ ከዛፍ ያገኙትን ይንገሩን፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው» ብላ ተማሪዎቿን ይዛ ሄደች። አስናቀ ያን ቀን ምሳ አልበላም። የቀረበለት ዓሣ እንደተገላበጠ ቀዘቀዘ።

መጋቢት ሲገባ ግሩም ሐውልት አሰበ። ስድስት ሜትር የሚረዝም የሲሚንቶ ቱካን፣ ምንቃሩ ውስጥ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣበት። ቦታውንም መርጦ ጨርሷል፦ ዋርካው ይቆረጥና እዚያ ላይ ይቆማል፤ ዛፉ ሐይቁን ይከልላልና። አስናቀ ነገሩን የሰማው ሐውልቱ ሥር የሚጻፈውን እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ ነው።

«አቶ ግሩም» አለው፣ «ዛፉ ውስጥ ወፏ አለች።»

«ትውጣ።»

«አትወጣም። በሩን ለስናዋለች። ጫጩት ይዛለች፤ እሷ ሰብራ ብትወጣ እንኳ ጫጩቱ አይወጣም።»

ግሩም መሳቢያውን ከፍቶ የሎጁን ብሮሸር አወጣና ጮክ ብሎ አነበበለት፦ ቱካን ቋሚ ጎጆ የለውም፣ በየወሩ እያፈረሰ አዲስ ይሠራል። ከሥሩ «አስናቀ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የቱካን አማካሪ» ይላል። «አንተ ራስህ ያልኸውን ነው ያሳተምሁት» አለው። «አሁን ደግሞ ሌላ ይዘህ መጣህ። የትኛውን ልመን?»

አስናቀ ቤቱ ገብቶ ለየሺመቤት ነገራት። ሌላ ጊዜ ግሩምን ረግማ ባሏን ታጽናና ነበር፤ ያን ቀን ግን የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ሰውየው ምን አጠፋ፣ አሥራ አራት ዓመት ስትለፈልፍ አምኖ ሰማህ እንጂ አለችው። ከዚያ ክሩን ልትፈልግ ሳጥኑን ስትከፍት በፌስታል የተጠቀለለውን መጽሐፍ አንሥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዞ ፔዳ ሄደ። ሩሐማ ቢሮዋ ውስጥ ፈተና ታርማለች። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና ቆመ። እሷ ገለጥ ገለጥ አድርጋ የወፉ ገጽ ላይ ስትደርስ፣ ወረቀቱ ከብዙ መዳሰስ የተነሣ ሳስቶ አየች።

«የት አገኙት?»

«ሰረቅሁት» አለ። «የዛሬ አሥራ አራት ዓመት። ያን ቀን ያልሽውን ሁሉ አውቀው ነበር።»

ሩሐማ ወንበር ሰጠችው። ትመክረኛለች ወይም ትወቅሰኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ባዶ ደብተር አወጣችና፣ እሺ፣ ከዛፍ ያገኙትን ይንገሩኝ አለችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረ። ሴቷ በየትኛው ዓመት መቼ እንደታሸገች፣ ወንዱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አንድ ዓመት ወንዱ ሦስት ቀን ጠፍቶ ሴቷ ስንጥቋ ላይ ምንቃሯን አድርጋ እንዴት እንደጠበቀችው፣ ሲመለስም አንድ ዓይኑ እንደጠፋ። ሩሐማ እጇን እስኪያማት ጻፈች። እንዲህ ያለ ክትትል ያደረገ ሰው ለማግኘት ሁለት ዓመት ስትፈልግ ነበር፤ ያገኘችው ግን የሱሪና የቀሚስ ቱካን ካለበት ቤት መሆኑ አሳቃት። ለግሩም ደብዳቤ ጻፈች። ግሩም በሁለተኛው ቀን፣ ሎጁ ከሳይንስ ጋር ምንም ጠብ እንደሌለው፣ ሐውልቱ ግን በታቀደው መሠረት እንደሚቆም በማኅተም አስደግፎ መለሰ።

የቀረው አስናቀ በአፉ መናገር ነበር። እሁድ ለመሠረት ድንጋዩ ግሩም ሰው ጠርቷል፤ ጾም ስለነበር ድግሱ ሽሮና ለስላሳ ነው። ነጋዴዎች፣ የሎጁ ሠራተኞች፣ ሠልጣኞችና ሁለት የሚዲያ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሩሐማም ከኋላ አለች። አስናቀ ስለ ቱካን ጥቂት እንዲል ማይክራፎኑ ተሰጠው። አባቱ መሪጌታ ሰው ፊት ቆመው ሲያዜሙ አንድም ቀን ድምፃቸው አልተሰበረም፤ የእሱ ገና ሳይጀምር ተሰበረ።

«ይኸ ወፍ ቱካን አይደለም» አለ። «ሆኖም አያውቅም። እኔ ከጥንት ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ስለሚወደድልኝ አልተናገርሁም። ዛፉ ውስጥ አሁን እናትና ጫጩት አሉ። ዛፉን አትቁረጡት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ድንኳኑ ሁሉ በሳቅ ተሞላ። አስናቀ ቀልደኛ መሆኑ የታወቀ ነውና አዲስ ቀልድ የጀመረ መሰላቸው። ሳቁ ጋብ ሲል አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ብድግ ብሎ አምርሮ ተናገረ። የራሳችን የሆነውን ሁሉ ለፈረንጅ አሳልፈን ሰጠን አለ፤ ዛሬ ደግሞ ቱካናችንን ልንሰጥ ነው? ጭብጨባው አስናቀ በሕይወቱ ካገኘው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሩሐማ ለማስረዳት ብትነሣ፣ አንዱ የሚዲያ ሰው ማይክራፎኑን ነጥቆ የነጋዴውን ስም ከነአያቱ እንዲነግሩት ጠየቀ።

ግሩም ግን የሚያስብ ሰው ነው። አስናቀን ጎትቶ ጓዳ አስገባው። «እሺ፣ ቱካን አይደለም እንበል» አለው። «ቱካን ካልሆነ ታዲያ የምትለምንለት ለምንድን ነው? ተራ ወፍ ነዋ። ለተራ ወፍ ዛፍ አላቆምም።» ከዚያም ሸሚዙን እንዲያወልቅና እንዲያስረክብ አዘዘው። ኪሱ ላይ ያለው ጥልፍ የሚስቴ ነው ቢለው፣ ጨርቁ የሎጁ ነው አለው። አስናቀ በካናቴራ ብቻ፣ በሠልጣኞች መካከል አልፎ፣ በዘንዘልማ ሚኒባስ ወደ ቤቱ ገባ።

ማክሰኞ ጠዋት ዛፉ እንደሚቆረጥ ሰምቷል። ቤት መቀመጥ አልቻለም። ሩሐማም ደውላ እመጣለሁ ስላለችው፣ ሁለቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ሣሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ምን ሊያደርጉ እንደመጡ አንዳቸውም አያውቁም። ሦስት ሰዓት ሲሆን አምባቸው የሚባል፣ ከወንዛዬ አካባቢ የመጣ ጎልማሳ የሞተር መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረሰ። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ከሥራው በቀር የሚያገባው የሌለ ሰው ነው። ዛፉን ዞሮ አየ፤ በየት በኩል እንደሚጥለው ለካ፤ ሞተሩን አስነሣ። ጩኸቱ ግቢውን ሲሞላ ወንዱ ወፍ ከሐይቁ በኩል መጣ።

ሌላ ጊዜ ሰው ሲበዛ ይሸሽ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ዞረና ግንዱ ላይ፣ ከመጋዙ በላይ፣ ተለጠፈ። አምባቸው ቀና አለ። ወፉ አንገቱን ነቅነቅ እያደረገ ከጉሮሮው አንድ ፍሬ አወጣ። ግንዱ መሐል፣ ምንም ከሌለበት ደረቅ ጭቃ ውስጥ፣ የሌላ ምንቃር ጫፍ ብቅ አለና ተቀበለው። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አምባቸው መጋዙን ዝም አሰኘው። በጸጥታው ውስጥ ከግንዱ የጫጩት ሲጥሲጥታ ተሰማ።

«ማን ናት ውስጥ ያለችው?» ብሎ ጠየቀ።

ግሩም ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ አስናቀ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነገረው። ቱካን አላለም፤ በመጽሐፉ ያለውንም ስም አልጠራም። ሚስቱ ናት አለ። ከታሸገች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። እሱ እያበላት ነው፤ ጫጩቱ ክንፍ እስኪያወጣ አትወጣም።

«አራስ ናታ» አለ አምባቸው።

መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። የገዛ ሚስቱ በአሥራ አምስተኛ ቀን አራስነቷ ወንዛዬ ተኝታለች፤ አጥሚት የምታደርስላት እናቱ ናት፤ እሱ ሥራ ብሎ ወጥቶ ነው። አራስ የተኛችበትን ቤት አላፈርስም አለ። ግሩም ወፍ መሆኗን አስረዳው። አምባቸው ወፍ መሆኗን አይቻለሁ አለ። ሌላ ሰው አመጣለሁ ቢለው፣ ያምጡ፣ ግን እዚህ ያየሁትን ለሚመጣው ሰው ሁሉ እነግራለሁ አለው። ይህን ያለው ያለ ቁጣ ነው፤ መጋዙን ትከሻው ላይ መልሶ፣ ግንዱን በመዳፉ ነካ አድርጎ ወጣ።

ግሩም የፈራው ወፏን አልነበረም፤ ወሬውን ነበር። ሳይንስ ያላስደነገጠው፣ የአማካሪው ኑዛዜ ያላንቀሳቀሰው ሰው፣ ማታውን የአስተናጋጆቹ እናቶች እየደወሉ አራስ ቤት ልታፈርሱ ነው ወይ ሲሉ ጭንቅ ያዘው። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ሙሽሮች ክፍላቸውን ሰረዙ። የራሱ እናት ከደብረ ታቦር መጥተው ዋርካው ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና፣ አንተን ስወልድ አባትህ ቤት አፍርሶብኛል ወይ ብለው ጠየቁት። ሐውልቱ ወደ በሩ ዞረ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ቢጫ ደረቱ በዝናብ ታጥቦ ወደ ነጭ ተጠግቷል፤ ምንቃሩ ውስጥ ማኪያቶ የጠጡት ሁለት ሰዎች ሙቀቱን አልቻሉትም።

ግሩም ከስህተቱ የሚማር ሰው ነው ብሎ ያመነ ካለ ተሳስቷል። ሚያዝያ ላይ «አራሷን ይጎብኙ» የሚል ሰሌዳ ዋርካው ሥር ተተከለ፤ ለባልና ሚስት ልዩ ዋጋ እንዳለው ከሥሩ ተጽፎበታል። አስናቀን ወደ ሥራው እንዲመለስ ለመነው፤ ሸሚዙንም አሳጥቦ ላከለት። አስናቀ ሸሚዙን ተቀብሎ ሥራውን ተወ። አሁን ከሩሐማ ተማሪዎች ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ዘጌ ይሄዳል፤ ደብተር ይዞ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ገቢው ከድሮው ያነሰ ነው። ስለ ወፉ በሚወጣው የጥናት ወረቀት ላይ ስሙ ከዶክተሯ ስም ቀጥሎ ይታተማል ተብሏል፤ እስካሁን አልታተመም። አንዳንድ ሠልጣኝ መንገድ ላይ ሲያገኘው ወፉ እንዴት ነው ይለዋል፤ ሲያስረዳው ግን ሰውየው ቶሎ ይሰለቻል። እውነቱ ከቱካኑ ይልቅ የሚገርም መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ቸኩሎ የሚሄድ ሰው በዝቷል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የሎጁ ዋርካ ውስጥ ያለችው ወፍ ጭቃውን መስበር ጀመረች። አስናቀ ለየሺመቤት ደወለላት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ወፍ ልታይ ወጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ በባጃጅ መጣች። ሩሐማም አለች። አምባቸውም ሳይጠራው መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ጭቃው በቁራጭ በቁራጭ ሲወድቅ ቆየ። በመጨረሻ እናትየዋ ወጣች፤ ላባዋ የታጠፈ፣ ጅራቷ የተንሻፈፈ፣ ጭቃ የተቀባች፣ አራት ወር በአንድ ጎኗ ተኝታ የተነሣች ሴት መሰለች። እስከሚቀጥለው ቅርንጫፍ ድረስ ለመብረር ሁለት ጊዜ ሞክራ ሦስተኛው ተሳካላት። ጫጩቱ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሞ መውጣት አልፈለገም። ወንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ ይዞ ትንሽ ራቅ ብሎ ያሳየው ጀመር።

የሺመቤት እጇን አጣምራ ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሁሉን ነገር አፏ ድረስ እያመጣላት» አለች። «እኔ ይትባረክን ስወልድ አንተ የት ነበርህ?»

አስናቀ አስታወሰ። ልጁ ሲወለድ እሱ ዘጌ ነበር፤ የአንድ ወፍ ጎጆ ለመጠበቅ አሥር ቀን ሳይመለስ።

«ዓሣ ልኬ ነበር» አለ።

«አንድ ጊዜ» አለች የሺመቤት፤ አንገቷንም ወደ ዛፉ መለሰች።